መንገድ የማን ነው?

ሰው በዚህ ዓለም ከሚካፈላቸው ነገሮች ሁሉ የመንገድን ያህል የጋራ የሆነ ነገር አይገኝም። ቤት የባለቤቱ ነው፤ እርሻም የአራሹ ነው፤ ልብስም የለባሹ ነው። መንገድ ግን ሀብታሙም ድኻውም፣ ሹሙም ተራው ሰውም፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም ሳይጠያየቁና ሳይፈቃቀዱ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ የአንድን ከተማ ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ አዳራሹ ገብቶ የሚደረገውን ንግግር ከመስማት ይልቅ በመንገዱ ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ቢመለከት ይበልጥ ይረዳል። ብርቱው ደካማውን እንዴት አድርጎ እንደሚያልፈው በዐይኑ ያያልና።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ለጊዜው ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ከተማዎቻችን ለቢስክሌት የሚመቹ የሚሆኑት በምን ዐይነት ነው? የሚል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። በእርግጥም የመንገዱን ስፋት መለካትና ጠርዙን መሥራት የመሐንዲስ ፈንታ ነው። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመለከተው ከአስፋልቱ ሥር ሌላ ጥያቄ ተቀብሮ እናገኛለን። ብርቱ ሰው በመንገድ ላይ ለደካማው የሚተውለት ቦታ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ የተሠራ መንገድ ሁሉ፣ ምንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት፣ ሥራው ያልተፈጸመ ሆኖ ይቀራል።

ምሳሌያችንን ከሩቅ አገር አንጀምርም። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሸለቆ በአቅራቢያዋ ነው፤ በበጋም ወራት ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ለግጦሽ ወደዚሁ ሸለቆ ያወርዳሉ። በሸለቆው ውስጥ ያለው መሬት በአብዛኛው ሜዳ ነው። ከከተማይቱ ዳር እስከ ዳር ያለውም ርቀት ለእግር ጥቂት የሚያደክም፣ ለመኪና ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው። በአጭሩ፣ ለቢስክሌት የሚስማማ ከተማ የት ይገኛል ተብሎ ቢጠየቅ ከሚሴ ስሟ ከሚጠሩት አንዷ ልትሆን ይገባት ነበር።

ይሁን እንጂ የከሚሴ ዋና ጎዳና የከሚሴ ብቻ አይደለም። ወደ ደሴና ከዚያም አልፎ ወደ ሰሜን የሚጓዘው አውቶቡስ፣ ነዳጅ የጫነው ቦቴ፣ እህልና ሲሚንቶ የተሸከመው ከባድ መኪና ሁሉ በከተማይቱ መካከል ያልፋል። በዚያው ጎዳና ላይ ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ጋሪው ይጎተታል፤ አህያው እንጨት ተጭኖ ይነዳል፤ ተማሪውም ደብተሩን ይዞ ይሻገራል። በቢስክሌት የሚሄደው ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ቦታ ያልተቈረጠለት እርሱ ነው። መኪናው «ውረድልኝ» ይለዋል፤ እግረኛውም «አትውጣብኝ» ይለዋል። እርሱም ከአስፋልቱ ጠርዝና ከኮረኮንቹ መካከል አንድ ክንድ በምታህል ቦታ ላይ ነፍሱን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ነገር ስንጽፍ በሌላው ላይ ፈራጅ ሆነን ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲያውቅልን አንድ የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ ሰንበቴ ወርደን ስንመለስ ጊዜው ወደ ማታ ሆኖ ነበር። ወደ ከሚሴ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አንድ ልጅ ከቢስክሌቱ ኋላ ሁለት ጀሪካን ወተት አስሮ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይሄድ ነበር። ከፊት ለፊታችን ከባድ መኪና ይመጣ ስለ ነበር መተላለፊያው ጠባብ ነበር። ጥቂት ዝግ ብለን ልጁን ማስቀደም ይገባን ነበር፤ ነገር ግን ሾፌራችን ፍጥነቱን ሳይቀንስ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። ልጁም ደንግጦ ወደ ኮረኮንቹ ሲወርድ ቢስክሌቱ አዳለጠውና ከነወተቱ ቦዩ ውስጥ ወደቀ።

እኛም መኪናውን አላስቆምንም። ዞር ብለን ስንመለከት ልጁ ተነሥቶ ቆሟል፤ ስለዚህ «ደኅና ነው፣ አልተጎዳም» ተባባልን። ከመካከላችንም አንዱ «ምን አባቱ ይሠራል እመንገድ ላይ?» አለ። ያ ሰው ማን እንደ ነበረ ለአንባቢ መደበቅ አይገባንም፤ ይህን ጽሑፍ የጻፈው እጅ የዚያው ሰው እጅ ነው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጣን ብንል ውሸት ይሆናል፤ ደኅና አድርገን ተኛን። ነገሩ ወደ ኅሊናችን የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በከሚሴ አንድ ሽማግሌ ሸህ ዘንድ ቡና ልንጠጣ ሄደን ሳለ፣ ወሬ ለማድመቅ ብለን የቢስክሌተኞችን አስቸጋሪነት እናወራ ጀመር። «ሸህ፣ እነዚህ ቢስክሌት ነጂዎች እኮ መንገድ አናስኬድ አሉን፤ ከትናንት ወዲያም አንዱ ከፊታችን ወድቆ ሊያስፈጀን ነበር» አልናቸው። ሸሁም ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ጋላቢና እግረኛ በመንገድ ሲገናኙ ቀድሞ ሰላም የሚለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ጋላቢው ነዋ ሸህ፤ ይህንማ ከእርስዎ ነው የሰማነው» አልን። እሳቸውም «ታዲያ ልጁን ሰላም ብላችሁት አለፋችሁ?» አሉን። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ ቡናችንንም ዝም ብለን ጠጣን።

በእስልምና ሥርዓት ጋላቢው እግረኛውን ቀድሞ ሰላም ማለት እንደሚገባው የታወቀ ነው። ሊቃውንቱም ምክንያቱን ሲገልጹ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው በከፍታው ትዕቢት እንዳያድርበት ነው ይላሉ። በክርስቲያኑም ዘንድ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወርዶ መሳለሙ የቆየ ልማድ ነው። በሁለቱም ልማድ ውስጥ አንድ ትምህርት አለ፤ ከመሬት ከፍ ያለና ከሌላው የፈጠነ ሰው ከፍታውና ፍጥነቱ ግዴታ ይጨምርበታል እንጂ መብት አይጨምርለትም። አባቶቻችን ፈረስና በቅሎ ብቻ ባዩበት ዘመን ይህን ያህል ካሰቡ፣ ብዙ ኩንታል ብረት በእግሩ ጫማ በሚያዝዝበት ዘመን የተወለደው ሰው ከዚያ ያነሰ ማሰቡ ያስደንቃል።

ይህ ሕግ ደግሞ በመኪና ነጂው ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ እንደ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከባድ መኪና የያዘው ለትንሽ መኪና ይጠንቀቅ፤ ትንሽ መኪና የያዘው ለባጃጅ ይጠንቀቅ፤ ባጃጅም ለቢስክሌት ይጠንቀቅ። ቢስክሌተኛውም እንደዚሁ ለእግረኛው ጋላቢ መሆኑን ሊረሳው አይገባም። መብራት ሳይዝ በጨለማ የሚሮጥ፣ በተቃራኒ መስመር የሚመጣ፣ አሮጊት ሲያስደነግጥ የሚስቅ ቢስክሌተኛ በእኛ ላይ ለመክሰስ አፍ የለውም። በመጨረሻም ጤነኛው እግረኛ ለዐይነ ስውሩና ለሕፃኑ መንገድ ይልቀቅ። ከዚህ ደረጃ ውጭ የሆነ ሰው የለም፤ ሁሉም ከሌላው በላይ ጋላቢ፣ ከሌላው በታች እግረኛ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ይህ የምንለው ነገር ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? እኛ ዕዳ ነው እንላለን፤ ምክንያታችንም ሦስት ነው።

መጀመሪያ፣ መንገዱ የተሠራው በሁሉ ገንዘብ ነው። በዕድሜው መኪና ያልገዛና ሊገዛም የማያስብ ገበሬ የመሬት ግብር ይከፍላል፤ ሳሙናና ልብስ ሲገዛም ከዋጋው ጋር ለመንግሥት ቀረጥ ይከፍላል። ከዚህ ከጋራ ሣጥን ወጥቶ የተነጠፈ አስፋልት ለጥቂቶች ብቻ ሲመች፣ የቀሩት ያልበሉበትን ዕዳ ከፍለዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቢስክሌተኛ ከጋራው ነገር የሚወስደው ጥቂት ነው። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ያህል ቢስክሌቶች ይቆማሉ። ጢስ አያወጣም፤ አገራችን በውጭ ምንዛሪ የምትገዛውን ነዳጅ አይጠጣም። ከማዕድ ጥቂት የሚቆርሰውን ሰው ከማዕዱ ማስነሣት በየትኛውም አገር ነውር ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው። አደጋን ወደ ጋራ ቦታ ይዞ የሚገባ ሰው አደጋውን የመጠበቅ ኀላፊነት የእርሱ ነው። ተዋጊ በሬ ያለው ሰው በሬውን ያስራል እንጂ ለጎረቤቱ «ልጆችህን ከቤት አታውጣብኝ» አይለውም። ቢለውም ሽማግሌ ተሰብስቦ ይፈርድበታል። መኪናም በከተማ ውስጥ እንደዚህ ያለ በሬ ነው። የፊዚክስ ትምህርት እንደሚያስረዳን የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በግጭት ጊዜ ይዞት የሚመጣው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ በሕይወት ይተርፋል፤ በ60 ኪሎ ሜትር የተመታ ግን የመሞቱ አደጋ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። እንግዲህ ፍጥነትን መቀነስ በሬን እንደ ማሰር ነው።

ይህን ስንል የሚነሡትን ተቃውሞዎች አናጣቸውም። አንዱ «መኪና ሥልጣኔ ነው፤ ቢስክሌት የድኽነት ምልክት ነው» ይለናል። ለዚህ ሰው የሆላንድን ታሪክ እናስታውሰዋለን። ሆላንድ ዛሬ በቢስክሌት አገርነቷ የታወቀች ብትሆንም ሁልጊዜ እንደ ዛሬ አልነበረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቧ ሲበለጽግ መኪና በዛ፤ ከተማዎቿም ለመኪና ሲባል ይሰፉና ይፈርሱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በአገሪቱ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞቱ፤ ከነዚህም ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። በዚህ ጊዜ እናቶችና አባቶች «ሕፃናትን መግደል ይቁም» እያሉ ወደ ጎዳና ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ችግር በተነሣ ጊዜም መንግሥቱ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ባዶውን ጎዳና አይቶ ከተማው ሌላ መልክ ሊኖረው እንደሚችል ተረዳ። ለቢስክሌት የተለየ መንገድ እየተሠራ የመጣው ከዚህ በኋላ በብዙ ዓመት ሥራ ነው። እንግዲህ ያ ሕዝብ ወደ ቢስክሌት የተመለሰው ድኽነት አስገድዶት ሳይሆን የልጆቹን ሬሳ ቈጥሮ ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «አውራ ጎዳናው የአገር ንግድ የሚያልፍበት ነው፤ ለአንድ ከተማ ብለን እናዘግየውን?» ይላል። እስቲ እናስላው። በከተማ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መኪና በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ30 ቢሄድ ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከንግዱ የምንለምነው ሦስት ደቂቃ ነው። ሾፌሩ ምሳ ለመብላት ሲወርድ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይቆያል። የሰውን ልጅ ከሦስት ደቂቃ ጋር በሚዛን አስቀምጦ ደቂቃው ከበደ የሚል ካለ፣ ችግሩ ከመንገዱ አይደለም።

ሦስተኛውም «ቢስክሌት የሚነዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ለጥቂቶች ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?» ይላል። ይህ አነጋገር ትምህርት ቤት በሌለበት ቀበሌ ተማሪ ስላልታየ ትምህርት ቤት አያስፈልግም እንደ ማለት ነው። ጥቂቶች የሆኑት ስለ ፈሩ ነው። አስፈሪ በሆነ መንገድ ላይ ደፋር ጎረምሳ ብቻ ቢስክሌት ይነዳል። የመንገድ መልካምነት የሚለካው ሴት ልጃችን ወደ ትምህርት ቤት፣ እናቲቱም ወደ ገበያ፣ ሽማግሌውም ወደ መስጊድ ያለ ሥጋት በቢስክሌት ሲሄዱ በማየት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቢስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለች ጊዜ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ፣ ከሯጮቿ ጋር ቢስክሌተኞቿም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለእነዚህ ስናጨበጭብ ደስ ይለናል። ነገር ግን በመለያ ልብስ ሲጋልብ የምናጨበጭብለትን ሰው፣ ወተት ጭኖ ሲጋልብ ጥሩንባ የምንነፋበት ከሆነ ጭብጨባችን ለሰውዬው አልነበረም ማለት ነው።

የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ ቢስክሌት በአገራችን የዕለት ኑሮ ዕቃ ሊሆን እንደሚችል ለብዙ ዘመን አሳይታለች። ከተማይቱ በጣና ዳር ሜዳ ላይ መቆርቆሯ ረድቷታል፤ ከሜዳነቷም ይልቅ ልማዱ ይበልጥ ረድቷል። ቢስክሌት በበዛበት ከተማ የሚኖር ሾፌር ከመታጠፉ በፊት ቢስክሌት ይኖራል ብሎ ይጠብቃል፤ መጠበቁም ራሱ የብዙ ሰው ነፍስ ያድናል። በአዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተመረጡ እሑዶች ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለቢስክሌት ተከፍተዋል። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራም በዋና ከተማይቱ ጎዳናዎች ዳር የቢስክሌት መንገድ ተሠርቷል። እንግዲህ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ በዋና ከተማይቱም በድንጋይ ላይ መታየት ጀምሯል ሊባል ይቻላል።

ዳሩ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ጠርዝና ቀለም ያለ ኅሊና ብቻውን አይበቃም። የቢስክሌት መንገድ ተሠርቶ ሳለ አንዱ መኪናውን ካቆመበት፣ ሌላው አሸዋ ካራገፈበት፣ ሦስተኛውም ሸቀጡን ከዘረጋበት፣ መንገዱ የለም ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኅሊና ያለ ጠርዝ አይበቃም። ደግ ሾፌርም ይደክመዋል፤ ይቸኩላል፤ ሐዘን ደርሶበት ሐሳቡ ይባክናል። ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የድንጋይ ጠርዝ ግን አይደክምም፤ አይቸኩልም፤ ሌሊትም ቀንም በቦታው ቆሞ ደካማውን ይጠብቃል። መልካም ሕግና መልካም መንገድ፣ ሰው ደግ በሆነበት ሰዓት ያሰበውን ነገር ክፉ በሆነበት ሰዓት እንዳያፈርሰው የሚያስርበት ገመድ ነው።

ስለዚህ ለከሚሴና እንደ ከሚሴ በአውራ ጎዳና ላይ ለተቆረቆሩ ከተማዎች የምናስበው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በከተማ መግቢያና መውጫ ላይ የፍጥነት ወሰን ተወስኖ በጕብታ ይጠበቅ። ከአስፋልቱ ዳር በድንጋይ ጠርዝ የተለየ የቢስክሌት መስመር ይኑር፤ እርሱም ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይሂድ፤ መሐል ላይ የሚቋረጥ መስመር መሐል ወንዝ ላይ እንዳለቀ ድልድይ ነውና። ቆላው ፀሐይ ስለሚበረታ በመስመሩ ዳር ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ይተከል። በትምህርት ቤት፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ቢስክሌት የሚታሰርበት ብረት ይቁም። ከዚህም በቀር የመሥሪያ ቤት ሹም ራሱ በሳምንት አንድ ቀን በቢስክሌት ወደ ሥራው ቢሄድ፣ የነገሩን ነውርነት ከሰው ልብ ውስጥ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ፈጥኖ ያወጣዋል።

ይህ ሁሉ ለዚህ ዞን ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። የባቲ የሰኞ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። ወደዚያ ገበያ አፋሩ ከቆላ፣ አማራው ከደጋ፣ ኦሮሞውም ከአካባቢው ይመጣል፤ ግመሉና ፍየሉ፣ እህሉና ጨርቁ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ግመል ያመጣ ሰው ግመሉ ትልቅ ስለ ሆነ የፍየል ሻጩን ቦታ ይርገጥ የሚል ሥርዓት ግን የለም። እያንዳንዱ ቦታ አለው፤ ቦታውም የሚታወቀው በጉልበት ሳይሆን በልማድና በመከባበር ነው። በገበያ የምናውቀውን ሕግ ወደ ጎዳናችን ብናወጣው ከተማችን ለቢስክሌት ብቻ ሳይሆን ለሰው የምትመች ትሆናለች።

ያን ወተት የፈሰሰበትን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘነውም፤ ወይም አግኝተነው ሳናውቀው አልፈነው ይሆናል። የወተቱን ዋጋ አልከፈልነውም፤ ሰላምም አላልነውም። ስለዚህ በእኛ በኩል መንገድ የማን ነው ተብሎ ስንጠየቅ የምንመልሰው መልስ ከመጽሐፍ የተማርነው አይደለም። መንገድ ሁላችንም የምንሄድበት፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ግን ዕዳ ያለበት ቦታ ነው። የተወደድህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ ማለዳ መሪ ስትጨብጥ ከፊትህ ጠርዙን ይዞ የሚሄድ ሰው ብታይ ጥሩንባህን ትተህ ፍጥነትህን ቀንስ። ስታልፈውም እጅህን አንሥተህ ቀድመህ ሰላም በለው፤ ጋላቢው አንተ ነህና።